በእትዬ ጥሩወርቅ ቤት የቀመስኩት

ላይም የሚሉት አረንጓዴ ሎሚ ቢላዋ ሲነካው የሚወጣው ሽታ ከአፍንጫ አልፎ ጥርስ ድረስ ይሰማል። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆሎዌይ መንገድ ዳር ያለው የልጄ የሐናን ቤት በሩን በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ የተቀበለኝ ይኸው ሽታ ነው። ሳምቡሳ ይዤላት ነበር የሄድኩት። ደውዬ መሄድ ነበረብኝ፤ እዚህ አገር የተወለደ ልጅ እናቱም ብትሆን ሳትደውል ስትመጣበት ይደነግጣል። ሐናን ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ቪዲዮ እያየች፣ አንድ ብርጭቆ በአፉ ገልብጣ ጨው ውስጥ ስትደፍቀው ደረስኩ። አጠገቧ የተኪላ አረቄ ጠርሙስ ቆሟል። ስታየኝ ጠርሙሱን ከጀርባዋ ልትሸሽገው ሞከረች፤ ጠርሙሱ ግን ረጅም ነው፣ እሷ ደግሞ ቀጭን ናት።

«እማ! ቴክስት አታደርጊም እንዴ? ለጓደኞቼ ነው፣ ወላሂ። በኋላ ሊመጡ ነው።»

«ወላሂን እዚህ ውስጥ አታስገቢ» አልኳት። አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው፤ ደሜ ፈልቷል። ሳምቡሳውን አስቀምጬ ልወጣ ነበር። ግን ዓይኔ ብርጭቆው ላይ አረፈ። ደረቅ ብርጭቆ ጨው አይዝም፤ ሐናን በደፈቀችው ቁጥር ጨዉ ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበልኳት፤ ከተቆረጠው ላይም አንዱን ቁራጭ አንስቼ የብርጭቆውን ከንፈር በግማሽ ጎኑ ብቻ አራስኩ፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ በተበተነው ጨው በቀስታ አንከባለልኩትና መታ መታ አድርጌ አቆምኩት። «ግማሹን ብቻ» አልኳት፣ «ጨው የማይወድ በሌላው ጎን እንዲጠጣ።»

ሐናን ቪዲዮውን አጠፋችው። «ዌይት። ዌይት፣ እማ። አንቺ ማርጋሪታ መሥራት ትችያለሽ?»

በቴሌቪዥን አይቼ ነው ብል ታምነኝ ነበር። አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ይህን ነገር ሳያውቅ ነው የሞተው። አብረን ስንኖር በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም፤ ስላልጠየቀኝ አልነገርኩትም። ሐናን ግን ጠየቀችኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «ሦስት ተኪላ፣ ሁለት የብርቱካን አረቄ፣ አንድ ላይም» አልኳት፣ «የምንሰፍረው በቡና ሲኒ ነበር።» ከዚያ በኋላ መመለስ የለም፤ ሁሉንም ነገርኳት።

ያኔ የምኖረው ሼፈርድስ ቡሽ ነበር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚርገፈገፍ አንዲት ክፍል ውስጥ። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ዓይኔ ያንን መስኮት ይፈልገዋል። ገበያው የባቡሩን ድልድይ ተጠግቶ ይሄድ ነበር፤ ጨርቅ የሚሸጡ ሕንዶች፣ ያም የሚባለውን ሥራሥር የሚሸጡ ጃማይካውያን፣ ማዕዘኗ ላይ ደግሞ የአገራችንን ካሴት ከበርበሬ ጋር የምትሸጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ሱቋ ቀኑን ሙሉ የምታሰማው ዘፈን በር ላይ ቆሞ ላዳመጠ ነፃ ነው፤ እኔም ዕቃ የምመርጥ መስዬ ስንት ካሴት ጨርሻለሁ። ላይም አምስቱ በአንድ ፓውንድ ነበር። ሻጩ «ዳርሊንግ» ብሎ ስድስተኛ ይጨምርልኛል። ካፖርቴ ትከሻው ሰፊ፣ በዚያ ዘመን ሁሉም የሚለብሰው ዓይነት፣ ከአሮጌ ልብስ ተራ የገዛሁት ነበር፤ ለብሼው መስታወት ሳይ ወንድሜ ተነሥቶ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን የወሰዱት ሰዎች ለእኔም ተመልሰው ስለመጡ ነው አገሬን የለቀቅኩት። ከዚህ በላይ ስለዚያ አልጽፍም።

የመጣሁት በሌላ ሴት ፓስፖርት ነው። አጎቴ ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩም፤ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እዚህ ደርሼ እውነተኛ ስሜን ስናገር ግን ማን ይመነኝ? ክሮይደን ያለው የስደተኞች ቢሮ በጠዋት ተሰልፌ፣ የጣት አሻራ ሰጥቼ፣ በአስተርጓሚ ሁሉን ተናግሬ ተመለስኩ። ከወራት በኋላ በፖስታ የመጣው መልስ ባጭሩ፣ ነኝ የምትዪውን መሆንሽን አላስረዳሽም የሚል ነበር። አባቴ ሐጂ ሰዒድ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ መርካቶ የነበረው የጨርቅ ሱቅ ተዘግቷል፣ የሚመሰክርልኝ ወረቀት የለም። ጠበቃዬ ይግባኝ ጠየቀልኝና እንዲህ አለኝ፦ አባትሽን አዲስ አበባ የሚያውቅ፣ እዚህ አገር ወረቀት ያለው፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ የእሱ ልጅ ናት ብሎ የሚምል ሰው ፈልጊ። ካላገኘሽ ትመለሻለሽ።

ያቺን ሰው ያገኘሁት በካሴት ሱቋ በኩል ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ከትልቅ ቤት የወጡ፣ ባላቸው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ፣ መንግሥት ሲለወጥ የተሰደዱ ሴት ነበሩ። ለዓመት በዓል የሚለብሱት ጨርቅ ሁሉ ከአባቴ ሱቅ ይሄድ ነበር፤ አባቴም ራሱ ተሸክሞ ያደርስላቸው እንደነበር እናቴ ስታወራ ሰምቻለሁ። ቤታቸው ከገበያው አሥር ደቂቃ ያስኬዳል። በሩን የከፈቱልኝ በጥቁር ሹራብና በነጭ ነጠላ ሆነው ነው፤ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ሃያ ዓመት የቀደመ ነበር።

«የሐጂ ሰዒድ ልጅ ነኝ ብለሽ መጣሽ» አሉኝ፣ ሳያስቀምጡኝ። «ሐጂን አውቃቸዋለሁ። አንቺን ግን አላውቅሽም። እኔ ስወጣ አንቺ ገና ጡት ላይ ነበርሽ። የሱቁ በር ምን ዓይነት ነበር?»

«አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነበር፣ እትዬ። ታችኛው ማጠፊያው ስለወለቀ በእግር ይገፋ ነበር።»

«እሱን ማንም ሊነግርሽ ይችላል። እኔ መጽሐፍ ይዤ የምምለው ላወቅኩት ነው። እስቲ እሁድ እሁድ እየመጣሽ እጅሽን አበድሪኝ፤ የኔ ጣቶች እንደምታይው ናቸው። እኔም እስከዚያው ልይሽ።»

ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመው ነበር። እሁድ እሁድ ሄድኩ። ሽንኩርት ከተፍኩላቸው፣ መጋረጃ አጠብኩ፣ ደብዳቤያቸውን አነበብኩ። እየሠራሁ ያዩኛል። ስቄ ዞር ስል ያዩኛል። ምን እንደሚፈልጉ ባውቅ ኖሮ ያንኑ አሳያቸው ነበር፤ ግን አላውቅም። አንድ እሁድ ስወጣ «ኑሪልኝ» ይሉኝና ደስ ብሎኝ በእግሬ እሄዳለሁ፤ በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ «የሐጂ ጆሮ እንዲህ አልነበረም» ይሉና አንጀቴን ይቆርጡታል። ጠበቃዬ በየሳምንቱ «ትመጣለች?» ይለኛል። «ኢንሻአላህ» እለዋለሁ። እሱ ግን ወረቀቱ ላይ አዎ ወይም አይደለም ብሎ መጻፍ ነበረበት።

ፍርድ ቤት ልቀርብ አሥር ቀን ሲቀረኝ የባላቸው የሙት ዓመት ደረሰ። እትዬ ጥሩወርቅ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ያሳልፉና ከሰዓት በኋላ ሦስት የባላቸውን የድሮ ወዳጆች ይጋብዛሉ። ሟቹ በአንድ ወቅት ለሥራ ሜክሲኮ ሄደው እዚያ የለመዱት መጠጥ ነበር፤ በየዓመቱ በዚያ ቀን ያንን መጠጥ አንድ አንድ ብርጭቆ ይጠጡላቸዋል። ሌላ ጊዜ የሚበጠብጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ያን ዓመት ግን ጣቶቻቸው የጠርሙስ ክዳን እንኳ መክፈት አቅቷቸዋል። «አንቺ ትሠሪዋለሽ፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ እነግርሻለሁ» አሉኝ። እስላም መሆኔን ያውቃሉ። አሁን ሳስበው በዚያ ቀን ረስተውታል። እኔም አላስታወስኳቸውም። በሃይማኖቴ መጠጣት ብቻ ሳይሆን መቅዳቱም እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ግን አሥር ቀን ቀርቶኛል። አልጠጣም፣ የምቀዳው ለሌላ ሰው ነው፣ አላህ ጭንቀቴን ያያል እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ሆንኩ።

በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ በዘነዘና ወቀጥኩት። ላይሙን ከመቁረጤ በፊት በመዳፌ እየተጫንኩ ጠረጴዛው ላይ አሸሁት፤ እንዲያ ሲደረግ ጭማቂው ይበዛል። መበጥበጫ ስላልነበራቸው አንድ ትልቅ የማርማላታ ብልቃጥ ሰጡኝ። ሦስት ሲኒ ከዚህ፣ ሁለት ሲኒ ከዚያ፣ አንድ ሲኒ ላይም፣ በላዩ በረዶ። ክዳኑን አጥብቄ ናጥኩት፣ ወተት እንደሚናጥ፤ ብልቃጡ ጤዛ አወጣ፣ እጄ እስኪደነዝዝ ቀዘቀዘ። «ገና ነው» ይላሉ እትዬ። «ገና ነው። አሁን ይበቃል።» ጨዉን በግማሽ ከንፈር ብቻ እንድነክር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ባላቸው ጨው አይወዱም ነበር። መጠጡ ሲቀዳ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆነ፣ ደመና እንዳጠላበት ውሃ። ደስ አለኝ። የሠራሁት ነገር ያማረልኝ ስንት ወር ሆኖኝ ነበርና ነው።

ሳሎን ውስጥ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከረባታቸውን አስረው ተቀምጠዋል፣ የሟቹ ፎቶግራፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሟል። አራት ብርጭቆ በትሪ ይዤ ገባሁ። ወጉን ስለማውቅ ለእንግዶቹ ከመስጠቴ በፊት ለቤቱ እመቤት አቀረብኩ። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን አልዘረጉም። ብርጭቆውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ቅመሺ እንጂ» አሉ።

በአገራችን በትልቅ ቤት አሳላፊ መጠጥ ሲሰጥ አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ካልቀመሰ ተጠርጣሪ ነው፣ መጠጡም አይጠጣም። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ያለፉትን እሁዶች ያቀረብኩት ሻይና ውሃ ብቻ ስለነበር ቅመሺ ያለኝ አልነበረም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወሬያቸውን አቁመው ይጠብቁኛል። እትዬ፣ እስላም ነኝ እኮ ማለት ይበቃኝ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር! ዛሬ በቀላሉ እጽፈዋለሁ። ያኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው፣ በወዳጆቻቸው ፊት እምቢ ብላቸው እንደ ሰደብኳቸው ይቆጥሩታል፣ ተቀይመው ሊመሰክሩልኝ አይመጡም፣ እኔም ወደዚያ እመለሳለሁ የሚለው ብቻ ነው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ከብርጭቆው መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩ። ቸኩዬ ስላዘነበልኩት ከጠብታ በለጠ። አፌ ውስጥ ከተትኩትና ዋጥኩት።

እትዬ ጥሩወርቅ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

«የሐጂ ሰዒድ ልጅ ጠጣሽ?» አሉኝ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። እኚህ ሴት እኔ የአባቴ ልጅ መሆኔን የሚያሳያቸው አንድ ነገር ሲፈልጉ ሰንብተው፣ የሐጂ ልጅ ፈጽሞ የማታደርገውን በዓይናቸው አዩ። በገዛ እጄ፣ በገዛ መዳፌ! ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ሻሼን ስቤ አፌን ሸፈንኩ፣ እንደዚያው ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጅቷን ተዪያት፣ ጥሩዬ» ሲል ሰማሁ። እትዬ ግን «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ፤ ወጣሁ። ካፖርቴን የለበስኩት መንገድ ላይ ነው።

አሥሩን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት ለሐናን ለመንገር ሞከርኩ፤ እንዲህ ያለው ግን አይነገርም። ማዕዘኑ ላይ ያለው ቀይ የስልክ ሳጥን ውስጥ እገባለሁ፣ ቁጥራቸውን እደውላለሁ፣ «አቤት» ሲሉ እዘጋዋለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። በሦስተኛው «ማነሽ አንቺ?» አሉ፤ ማነሽ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ጠበቃዬ ምስክሯ ትመጣለች ወይ ሲለኝ አላውቅም አልኩት። ልሰግድ ስታጠብ አፌን ሦስት ጊዜ መጉመጥመጡ አልበቃ ብሎኝ ሰባት ጊዜ እጉመጠመጥ ነበር። እናቴ ብትሰማ፣ አባቴ ከመቃብር ቢያየኝ እላለሁ። የሚገርመው፣ ከመባረሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር፤ ወደ ሞት ብመለስ እንኳ የምመለሰው የእሱ ልጅ ሳልሆን ነው ብዬ አስብ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ያንን ሰፊ ካፖርት ለብሼ ሄድኩ። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ እንደ ፊልሙ የዳኛ ሰው ሠራሽ ፀጉር የለም፣ መነጽር ያደረጉ ደከም ያሉ ሴት ዳኛ፣ አስተርጓሚ፣ የውሃ ጆግ። ሰዓቱ ደረሰ። ጠበቃዬ በሩን ያያል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ዳኛዋ «ምስክር አላችሁ?» አሉ። ጠበቃዬ ትንሽ ደቂቃ ይታገሱን አለ። አምስት ደቂቃ ሰጡን። አራቱ ሲያልፍ በሩ ተከፈተና እትዬ ጥሩወርቅ ገቡ፤ አንገቱ ላይ ፀጉር ያለው ጥቁር ካፖርት፣ ነጭ ነጠላ፣ በተጣመሙት ጣቶቻቸው የተያዘ ከዘራ። ወደኔ አላዩም። ሊመሰክሩልኝ ይምጡ ሊመሰክሩብኝ አላወቅኩም።

መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘው ማሉ። ዳኛዋ፣ ይህች ሴት የሐጂ ሰዒድ ልጅ መሆኗን በምን ያውቃሉ ብለው ጠየቁ። እትዬ ከዘራቸውን አስደገፉና ለአስተርጓሚው «አሳጥረህ እንዳትነግርብኝ» አሉት።

«ሐጂ ሰዒድ በዓመት በዓል እኛ ቤት ይመጡ ነበር። እስላም ስለሆኑ ጠጅ አይጠጡም፤ ብርዝ እበጠብጥላቸዋለሁ፣ በውሃ የተበረዘ ማር ማለት ነው፣ አያሰክርም። አንድ የፋሲካ ማግስት አዲስ አሳላፊ ተሳስቶ በብርዙ ፈንታ ጠጅ ሰጣቸው። አንድ ጉንጭ ዋጡ። አልጮሁም። አሳላፊውን አልሰደቡም። ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ቆሙ። ባለቤቴ ይቅርታ ቢለምን፣ እኔ ብለምን አልዞሩም። ከአሥር ቀን በፊት እኔ ይህችን ልጅ አጠጣኋት። ጥፋቱ የኔ ነው። እንደዚያው ፊቷን አዙራ፣ አፏን ሸፍና ቆመች። ሐጂን ቆመው ያየኋቸው መሰለኝ። ስለ ሱቅ በር ሰው ሊያስጠናት ይችላል፣ እፍረት ግን አይጠናም። የሐጂ ሰዒድ ልጅ ናት።»

አስተርጓሚው ብርዝ ላይ ትንሽ ተቸገረ እንጂ ሁሉንም ተረጎመ። ዳኛዋ ሲጽፉ ቆዩ። እኔ ግን ስለ ዳኛዋ ማሰብ ትቼ ነበር። አባቴ ይህን አንድም ቀን አልነገረንም። ለእናቴም አልነገራትም። ክፍሉ ውስጥ፣ ከአስተርጓሚው ጎን ተቀምጬ፣ ከአንጀቴ አለቀስኩ።

ፈቃዱ በፖስታ የመጣልኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ግን ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ እትዬን «ለምን አዘዙኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ረስቼ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። «ትሪ ተይዞ ሲገባ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሳይ፣ አገሬ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። አንደበቴ የለመደውን ተናገረ። ፊትሽን ስታዞሪ ነው የነቃሁት። የዚያን ዕለት ያስወጣሁሽም አፍሬ ነው፤ እኔም የማይሽ ዓይን አልነበረኝም። አንቺስ ደግሞ ምነው እስላም ነኝ አትዪኝም?»

«ፈርቼ።»

«ሐጂም እንዲሁ ነበሩ፤ ሰው ላለማስቀየም ሲሉ ይሞታሉ» አሉና አውቶቡሱን በከዘራቸው አስቆሙት።

ሐናን ይህን ሁሉ ቆማ ነው የሰማችኝ። ለመጠጡ ያወጣችው በረዶ ቀልጦ ጠረጴዛው ረጥቧል። ዓይኗ ቀልቷል፤ አፏ ግን ነገር ሳይጠይቅ አያድርም።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ኦነስትሊ ትመልሺልኛለሽ?»

«ጠይቂ።»

«ጣፈጠሽ?»

ዳኛዋ ይህን አልጠየቁኝም። እትዬ ጥሩወርቅም እስኪሞቱ አልጠየቁኝም። ራሴን ስጠይቅ ግን ጎምዝዞኝ ነበር፣ አቃጥሎኝ ነበር እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ሐናን ጠርሙሱን መደበቅ ትታ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አላስቻለኝም።

«ጣፍጦኝ ነበር» አልኳት። «ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞርኩት መጣፈጡን እንዳያዩብኝ ነው።»

ይህን ስል ነው አባቴ ትዝ ያለኝ፣ ኩታው አፉ ላይ፣ ጀርባው ለሰው፣ ቢለምኑት የማይዞረው። እሱ የዋጠው ደግሞ የማር ጠጅ ነበር።